በጋውን የሚያልፍ ችግኝ፦ ዘንባባና የግቢ አበባ በሐረር

(የማኅበራችን የችግኝ ቡድን በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ዘንባባ፣ ስለ ቡገንቪሊያና ግቢ ስለሚያስውቡ ሌሎች ተክሎች ነው። ለጉባኤ የቀለለ ርእስ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጥያቄዎች ሲከተሉን ከርመዋል። አንደኛው የመጣው ከራሳችን አባላት ነው። «ልጆቻችን ቢጫ ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት ከተማ ለአበባ ውኃ ማጠጣት አይከብድም ወይ?» ይላሉ። ሁለተኛው የደጋፊዎቻችን ጥያቄ ነው። «ሴቶቹ ጎመንና ቃሪያ ቢተክሉ ቢያንስ ይበሉታል፤ ዘንባባ ማንን ያበላል?» ይላሉ። ሁለቱም የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው፤ በቁጣ የሚመለሱ አይደሉም። የዛሬው ንግግራችን ለሁለቱ መልስ እንዲሆን አስበናል።

መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው። ችግኝ ሸጠን የምንኖረው የሸጥነው ችግኝ በገዢው ግቢ በጋውን ካለፈ ብቻ ነው። በጥቅምት ተገዝቶ በጥር የደረቀ ችግኝ ውኃችንንም፣ የገዢውን ገንዘብም፣ የማኅበሩን ስምም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ምን እንደምናፈላ፣ ለማን እንደምንሸጥና በምን ውኃ እንደምናሳድግ ከአሁኑ መስማማት አለብን።

አየራችን ምን ይፈቅዳል?

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። መሬቱ በ1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ድሬዳዋ ላብ ሲያጠልቀን የዋለ ሰዎች ሐረር ስንገባ ነጠላ የምንደርበው በዚህ ምክንያት ነው። ተክልም እንደዚሁ ይሰማዋል።

በዓለም ላይ ዘንባባና የሞቃት አገር አበባ በብዛት ለውበት ከሚተከልባቸው ቦታዎች መካከል የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻና የካናሪ ደሴቶች ይገኛሉ። እዚያ ባሕሩ ቀኑን ከመጋል፣ ሌሊቱን ከመቀዝቀዝ ይጠብቀዋል። እኛ ጋ ባሕር የለም። ነገር ግን የምድር ወገብ ቅርበታችን ከብርድ፣ ከፍታችን ደግሞ ከሙቀት ስለሚጠብቁን አየራችን ለዘብ ያለ ሆነ። ለዚህ ነው እዚያ የሚያምሩት ተክሎች ሐረርም የሚያምሩት።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ሜዲትራኒያን ዳር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው። የእኛ ዝናብ በበልግ ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ፋታ ይሰጥና በክረምት ይመለሳል፤ ከዚያ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ሰማዩ ይዘጋል። ፀሐዩ ይከራል፣ ነፋሱ ይደርቃል። በሐረር ከተማ ዘንባባን የሚገድለው ብርድ አይደለም፤ የመጀመሪያው በጋ ጥም ነው። ሁለት በጋ ያለፈ ዘንባባ ሥሩ ጠልቆ ስለሚገባ ከዚያ በኋላ ብዙ አያስቸግርም።

ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ወደ ሐረማያ ሜዳ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ገዢ ሲኖር ለስላሳ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ከግድግዳ አጠገብ ወይም ከበረንዳ ሥር እንዲያኖር መንገር ግዴታችን ነው። ወደ ኤረርና ወደ ባቢሌ አቅጣጫ ለሚወስድ ሰው ግን ሙቀቱ ያግዘዋል፤ የእርሱ ጭንቀት ውኃ ብቻ ነው።

ስለ ኮኮናትም ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ኮኮናት ሌሊቱም ጭምር የሚሞቅ የባሕር ዳር አገር ይፈልጋል። ሐረር ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ እየቀጨጨ ይሄዳል። ስለዚህ አናፈላውም፤ ሌላ ሰው ቢያመጣውም ከእኛ መደብ ላይ አንሸጠውም።

ከረመዳን ተምር የሚገኝ ዘንባባ

ከዘንባባ ወገን በእጃችን በብዛት ያለው ተምር ነው። በረመዳን ወር ሐረር ውስጥ ተምር የማይገባበት የሙስሊም ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ዘሩ ግን ከፍጡር በኋላ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። እኛ የምንፈልገው ይህንኑ የሚጣለውን ዘር ነው። ዋጋ የለውም፤ የሚጠይቀው ማጠብና ማጠራቀም ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘሩን ሥጋው እስኪለቅ አሽቶ ማጠብ፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በውኃ መዘፍዘፍ፤ ውኃውን በየቀኑ መለወጥ፤ ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ጣት ሁለት አንጓ ያህል ቀብሮ ሙቀት ያለበት ቦታ ማኖር። የተምር ዘር ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ወደ ታች ነጭ ሥር ይልካል፤ ከላይ ለሳምንታት ምንም አይታይም። ብዙ ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚደፋው በዚህ ጊዜ ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ አንድ ቀጭን፣ እንደ ሣር ያለ ቅጠል ብቅ ይላል።

ሥሩ ቀድሞ ወደ ታች ስለሚሮጥ አጭር ፌስታል አይመቸውም፤ ሥሩ ይጠመዘዛል። እኛ የምንጠቀመው ባለ ሁለት ሊትሩን የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። አናቱን መቁረጥ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር ስድስት ሰባት ቦታ መብሳት፣ ጎኑን ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ፌስታል መጠቅለል ብቻ ነው። አፈሩ ሁለት እጅ የማሳ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሆናል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ስድስት ወር ያልቆየ ፍግ አንቀበልም።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ከዘር የበቀለ ተምር ወንድ ይሁን ሴት ገና ችግኝ ሳለ አይለይም። ሴት ብትሆንም ፍሬዋ እንደ እናቷ አይሆንም። ከዚህም በላይ ተምር ፍሬው እንዲበስል ረጅም፣ ግለትና ድርቀት ያለው ወቅት ይፈልጋል፤ እንደ አፋር ያለ ቆላ የሚሻው ለዚህ ነው። በሐረር አየር የሚያምር ዛፍ ይወጣዋል፤ የሚበላ ተምር ግን ቃል ልንገባለት አንችልም። ስለዚህ ማንም አባል ችግኙን ስትሸጥ «ነገ ተምር ትበሉበታላችሁ» እንዳትል። «ለግቢ ጌጥ፣ ለጥላና ለቅጠሉ» ትበል። ገዢ አንዴ ከተታለለ ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ ይቀርብናል።

ከተምር ሌላ የአገራችን ዘንባባ አለ። በወንዝ ዳር በዘለላ የሚበቅለው፣ ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣው፣ ከቅጠሉ ሰሌን የሚሠራበት ነው። ይህኛው የእኛው አገር ተወላጅ ስለሆነ አየሩን ያውቀዋል፤ እርጥበት ባለበት ግቢ ከሁሉም ይሻላል። ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ወፍራም ግንድ ያለው ዘንባባና ከአሜሪካ ምዕራብ በረሃ የመጣው ማራገቢያ የሚመስል ቅጠል ያለው ዋሽንግቶኒያም አሉ። ሁለቱም ሐረር ላይ ያድጋሉ፤ ግን ቦታ ይፈልጋሉ። ወደዚያ እንመለስበታለን።

የዘንባባ እምብርት

ስለ ዘንባባ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ዘንባባ እንደ ጽጌረዳ ወይም እንደ ብርቱካን አይደለም። ጽጌረዳ ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል። የዘንባባ አንድ ግንድ ግን አንድ እምብርት ብቻ አለው፤ አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚወጣው ከእርሱ ነው። እምብርቱ ከተቆረጠ ወይም ከበሰበሰ ያ ግንድ አለቀ ማለት ነው፤ ሌላ አያወጣም።

ይህ ነገር በተለይ በሆሳዕና ሰሞን ይነካናል። ክርስቲያን እኅቶቻችን በግንባር የሚታሰረውንና በጣት የሚደረገውን ዘንባባ ለመሥራት ገና ያልተከፈተውን፣ ቢጫ ነጣ ያለውን የመሐል ቅጠል ይመርጣሉ፤ ለስላሳ ነው፣ ለመጎንጎን ይመቻል። ያ ቅጠል የሚገኘው ደግሞ ልክ ከእምብርቱ ላይ ነው። ቸኩሎ በጥልቀት የቆረጠ ሰው ለአንድ ቀን በዓል የአሥር ዓመት ዛፍ ይገድላል።

የእኛ ደንብ ሦስት ነው። አንድ ግንድ ብቻ ካለው ዘንባባ የመሐሉን ቅጠል ፈጽሞ አንቆርጥም፤ ለበዓሉ የምንሰጠው የተከፈተውን የውጭ ቅጠል ነው። ብዙ ግንድ ካለው ከአገራችን ዘንባባ ከአንድ ዘለላ አንድ የመሐል ቅጠል ብቻ እንወስዳለን፤ እሱንም ከላይ በኩል፣ ወደ ልቡ ሳንወርድ። ሦስተኛው፣ ከአረንጓዴ ቅጠሎቹ ብዙውን ገፍፈን ላዩን ብቻ አናስቀርም። ቅጠሉ የዘንባባው ማድቤት ነው፤ ምግቡን የሚሠራበት እሱ ነው። የሚነሣው የደረቀው ነው።

ከውጭው ዓለም አንድ ትምህርት እንጨምር። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ብዙ ሺህ የካናሪ ዘንባባዎችን ቀይ የዘንባባ ነቀዝ የሚባል ጥንዚዛ ጨርሷቸዋል። ትሉ ግንዱን ከውስጥ ይበላል፤ ከላይ ሲታይ እምብርቱ ጎንበስ ይላል፤ ያኔ ጊዜው አልፏል። ከአገር ወደ አገር የተሸጋገረው ለጌጥ በተጫኑ ትልልቅ ዘንባባዎች ውስጥ ተደብቆ ነው። ስለዚህ ያደገ ዘንባባ ከሩቅ በመኪና አስጭኖ ማምጣት ፈጣን ቢመስልም አንወደውም። ከዘር ማፍላት ይዘገያል፤ ግን ከዘሩ ጋር ትል አይመጣም።

ጀጎል ውስጥና ከጀጎል ውጭ

አባሎቻችን የምንኖረው በሁለት ዓይነት ግቢ ነው። ከፊሎቻችን ጀጎል ውስጥ፣ ከፊሎቻችን በአዲሱ ከተማ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ተክል አይሆንም።

ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቤቶቹ የድንጋይና የጭቃ ሥራ ናቸው፤ ግድግዳው የሚፈራው ከሥሩ የሚሰርገውን እርጥበት ነው። ከግድግዳ ጥግ ጉድጓድ ቆፍሮ በየቀኑ ውኃ ማፍሰስ ቤቱን ከታች እንደመሸርሸር ነው። መንገዱም ጠባብ ነው። የካናሪ ዘንባባ የቅጠሉ አንገት ላይ እንደ መርፌ ያለ ረጅም እሾኽ አለው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት መንገድ ላይ የሕፃን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ዋሽንግቶኒያ ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የደረቀ ቅጠሉ ከላይ ሲወርድ ጣሪያ ይመታል።

ስለዚህ ለጀጎል ግቢ የምናፈላው በማሰሮ፣ በቆርቆሮና በጀሪካን የሚያድገውን ነው። ሬሃን፣ ጤና አዳም፣ ጀራንየም፣ ጽጌረዳ፣ ጥላ የሚወደው አሬካ የተባለው ትንሽ ዘንባባ፣ እንዲሁም ተምር ገና ልጅ ሳለ። ማሰሮው ከመሬት በሁለት ድንጋይ ከፍ ብሎ ከግድግዳው አንድ ክንድ መራቅ አለበት። የሐረር ቤት ግድግዳ በነጭና በቀለም ተውቦ ራሱ ጌጥ ነው፤ ተክሉ እንዲያደምቀው እንጂ እንዲሸፍነው አንፈልግም።

ከጀጎል ውጭ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ቡገንቪሊያን፣ የካና አበባን፣ ሂቢስከስን፣ ጃካራንዳንና ትልልቁን ዘንባባ እናቀርባለን። ቡገንቪሊያ አገሯ ብራዚል ነው፤ እኛ አበባ የምንለው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነገር በእውነቱ ቅጠል ነው፤ አበባው በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። የውኃ ነገርን በተመለከተ ከእርሷ የተሻለ ጓደኛ የለንም። አንዴ ሥር ከያዘች ውኃ ሲያንሳት ይበልጥ ታብባለች፤ ውኃ ሲበዛባት ቅጠል ብቻ ትሆናለች። በሐምሌ መጀመሪያ ላይ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ስንዝር የሚሆን ቁርጥ ወስዶ መትከል ይበቃል።

ሁለት የአገር ተክሎችንም አትርሱ። አንዱ እሬት ነው። በእኛ በሐረርጌ ምድር፣ በሐርላ ስም የተሰየመ የእሬት ዝርያ እንኳን አለ። አበባው ያምራል፤ በጋውን ያለ ውኃ ያልፋል፤ ሰው ግን ከሩቅ አገር የመጣ ካልሆነ ጌጥ አይመስለውም። ሁለተኛው ኮባ ነው። የሞቃት አገር መልክ ለሚፈልግ ሰው ከኮባ ቅጠል የሚበልጥ ምን አለ? ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፤ ከማድቤት የሚወጣው ውኃ በሚፈስበት ቦታ ከተተከለ ሌላ አይጠይቅም።

ውኃው ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። ሐረርን ለረጅም ዓመታት ውኃ ሲያጠጣ የኖረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ሲደርቅ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ ውኃችን ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከቆላ ጉድጓድ ወጥቶ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ጀሪካን ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው። ይህን ውኃ ለአበባ ማፍሰስ ነውር ነው የሚሉ እናቶቻችን ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ አናፈስም።

የችግኝ ጣቢያችን የሚጠጣው አንድ ሥራ ሠርቶ የጨረሰ ውኃ ነው። ሩዝና ምስር የታጠበበት፣ አትክልት የታጠበበት፣ የልብስ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የውዱእ ውኃ ነው፤ ሳሙና የለበትም፣ ንጹሕ ነው፣ በየቀኑ በየሰዓቱ ይገኛል። ታች መታጠቢያ ሳሕን ወይም ባልዲ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለአምልኮ የተቀዳ ውኃ ተመልሶ አንድ ሕያው ነገር ሲያጠጣ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለንም። የማይሆነውንም እንወቅ፦ ጨው የገባበት የምግብ ውኃ፣ ዘይት ያለበት የዕቃ ውኃ፣ የመጀመሪያው የኦሞ ውኃ ሥር ይገድላሉ።

ውኃውን ከማግኘት እኩል የሚከብደው ማቆየት ነው። ሦስት ዘዴ እንጠቀማለን። አንደኛው የተሰነጠቀ ወይም ያረጀ እንስራ ነው። አንገቱ ብቻ እስኪታይ ከዘንባባው አጠገብ እንቀብረዋለን፤ ውኃ ሞልተን እንከድነዋለን። ሸክላው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ያልባል፤ ላዩ አፈር ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ የሚወስደው የለም። ሁለተኛው ገራባ ነው። በየመንገዱ የሚጣለውን የጫት ገራባ ከትፈን በችግኙ ዙሪያ አንድ ጣት ውፍረት እንደለድላለን፤ ግንዱን ግን አናስነካም፤ ምስጥ ይጠራል። ሦስተኛው ሰዓት መምረጥ ነው። ጠዋት በማለዳ ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንጂ በቀትር አናጠጣም።

መሬት የገባ ዘንባባ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ በጥልቀት፣ በሁለተኛው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። በየቀኑ በጣሳ መርጨት ግን ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ተክሉንም ለማኝ ያደርገዋል። የመትከያው ጊዜም ውኃ ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የተተከለ የክረምቱን ዝናብ ሙሉ ያገኛል። በጥቅምት የሚተክል ሰው በጀሪካን እየተሸከመ ዝናብ መሆን አለበት።

ዘንባባ ማንን ያበላል?

ለደጋፊዎቻችን ጥያቄ መልሱ እነሆ። ጎመንና ቃሪያ አልተውንም፤ አንተውምም። ነገር ግን ጎመን ሁሉም ጓሮ ያለው ሰው የሚያመርተው ነው፤ ገበያው ሲሞላ ዋጋው ይወድቃል። የጌጥ ተክል ገበያ ሌላ ነው። ሐረር እንግዳ የምትቀበል ከተማ ናት። ሆቴሎች፣ መሥሪያ ቤቶች፣ የሠርግ ቤቶች ተክል ይፈልጋሉ። የሸዋል ኢድ በዓላችን እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ለእንግዳ ማማሯ የሁላችን ጉዳይ ሆኗል። በየከተማው የኮሪደር ልማት ሲሠራ በመንገድ ዳር የሚተከለውን አበባና ዘንባባ የሚያፈላ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ለምን የሐረር ሴት አትሆንም?

ገንዘቡ የሚመጣው ግን በተለያየ ፍጥነት ነው፤ ይህን ካላወቅን እንጣላለን። ሬሃን በሳምንታት ይሸጣል። የቡገንቪሊያ ቁርጥ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ተምር ግን ላባ መሰል ቅጠሉን አውጥቶ ዘንባባ ለመምሰል ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ዘንባባ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሲደርስ ግን ጠቀም ያለ ነው። ሬሃኑና ጀራንየሙ የዕለቱን ጉርሻ ይሸፍኑልናል። የዕለት ገንዘብ የሚያስፈልጋትን እናት በዘንባባ መደብ ላይ ብቻ መመደብ ግፍ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ አባል ከሁለቱም መደብ እንዲኖራት እንፈልጋለን።

ያደጉ ዘንባባዎችን በማሰሮ ለሠርግና ለምርቃት ማከራየትም አለ። አንድ ዘንባባ አንዴ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይከራያል። ከሠርግ የተመለሰ ተክል እንደ ሙሽራ አጃቢ ደክሞ ይመጣል፤ አቧራው ታጥቦ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ ማረፍ አለበት። በሁለት ተከታታይ ቅዳሜ አንዱን ተክል ማከራየት ክልክል ይሁን።

ለጉባኤው የምናቀርበው

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉባኤው እንዲወስንልን የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

1ኛ. ከኅዳር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ በመሬት የሚተከል ዘንባባ እንዳንሸጥ። በእነዚህ ወራት የማሰሮ ተክል ብቻ ይሸጥ፤ ዘንባባ የሚፈልግ ሰው ተመዝግቦ በሰኔ ይረከብ። በበጋው የምናጣው ሽያጭ ይኖራል፤ እናውቃለን። ሰው በየዓመቱ የሚመለስበት መደብ ግን የሚገነባው እንዲህ ነው።

2ኛ. የችግኝ ጣቢያው የቧንቧ ውኃን ለማጠጣት እንዳይጠቀም፣ በምትኩ በየሰፈሩ የውዱእና የማለቅለቂያ ውኃ የሚያጠራቅሙ አባላት በተራ እንዲመደቡ። ለዚህ የሚያስፈልገን ክዳን ያላቸው በርሜሎች ናቸው፤ ደጋፊዎቻችን ሊረዱን ከፈለጉ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ በርሜል ይሻለናል። ክዳኑ የግድ ነው፤ ክዳን የሌለው በርሜል የወባ ትንኝ ያፈላል።

3ኛ. ከማንኛውም ዘንባባ ጋር ለገዢው አንድ ወረቀት እንዲሰጥ። በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ፣ ከሦስት መስመር ያልበለጠ ይሁን። መቼ እንደሚጠጣ፣ ከግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እምብርቱ እንዳይነካ። ማንበብ ለማይችል ገዢ ሻጯ በቃል ትንገር።

4ኛ. በየዓመቱ በመጋቢት፣ በልግ ሲገባ፣ የሸጥናቸውን ዘንባባዎች በየግቢው ዞረን እንድንቆጥር። ስንት ሸጥን የሚለውን መዝገባችን ይነግረናል። ስንቱ ቆሟል የሚለውን ግን በእግራችን ሄደን ካላየነው ማንም አይነግረንም። በሚቀጥለው ጉባኤ ለእናንተም ለደጋፊዎቻችንም የምናቀርበው ቁጥር ያ ሁለተኛው እንዲሆን እንፈልጋለን።

የረመዳን ተምር ዘር ለማጠራቀም የምትፈልጉ እናቶች ደረቅና ንጹሕ ዘር በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ለቡድናችን አስረክቡ፤ በላስቲክ አታምጡት፤ ይሻግታል። ያረጀ እንስራ ያላችሁም አትጣሉት።

 አሁን ጥያቄያችሁን እንሰማለን፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።